የሪሐና እጆች፣ በሙሉ ጥራት

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017

ይህን ደብተር የምጽፈው በቤታችን የተነገረ ነገር እስከ ማግስቱ ስለማይቆይ ነው። እማ ትናንት ያለችውን ዛሬ አላልኩም ትላለች፤ ታላቅ እህቴ ሪሐና ደግሞ ሁሉን ሰምታ እንዳልሰማች ዝም ትላለች። ማን ምን እንዳለ፣ እኔም ምን እንደመረጥኩና ለምን እንደመረጥኩ፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት የሚቀመጥበት አንድ ቦታ እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ቀን ቀን ዱባይ ተራ ባለው የጨርቅ ሱቃችን ነኝ። ሪሐና ትለካለች፣ ትቆርጣለች፤ እኔ አጥፌ እሰጣለሁ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ጥግ ይዤ በታብሌት እስላለሁ። የሳልኩትን ሁሉ፣ ሥዕልና ፎቶ ለዓለም ገዢዎች ለሚሸጥ አንድ ድረ ገጽ እልካለሁ። ብዙውን ጊዜ «የምስሉ ጥራት ዝቅተኛ ነው» ብለው ይመልሱልኛል። ቅር የሚለኝ መልሱ ስለሚያስከፋ አይደለም፤ ትክክል ስለሆነ ነው። ሥዕል በኮምፒውተር ላይ የጥቃቅን ነጥቦች ድምር ነው። ነጥቡ ሲበዛ ሥዕሉ ቢተለቅም ጥርት እንዳለ ይቀራል፤ ሲያንስ ይደበዝዛል። ትንሹን በፕሮግራም ለጥጦ ትልቅ ማስመሰል ይቻላል፤ ብዙዎች ያደርጉታል። እኔ አላደርገውም። ከእንግዲህ ከመነሻው በትልቁ እስላለሁ፣ የሳልኩትንም በሙሉ መጠኑ እልካለሁ። ይህ ውሳኔ ዛሬ ተወስኗል።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ሪሐና ግቢያችን ውስጥ ባለው ቧንቧ ልብስ ስታጥብ እጇን አየሁት። ሂናው ሙሉ በሙሉ ለቋል፤ አዲሱን ገና አልተቀባችም። እጇ ላይ ለምጽ አለ። የጀመራት ተማሪ ሳለች ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሂና ተለይታ አታውቅም። ሱቃችን ባለበት ሕንፃ ውስጥ «ሂናዋ» ነው የሚሏት። ያለ ሂና ያየናት እማና እኔ ብቻ ነን።

ውሃው ላይ ያለውን እጅ ቆሜ አየሁት። የነጩ ጠርዝ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ ወደ ቡናማው እየገባና እየወጣ፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ ደሴት እየተወ ይሄዳል። ይህን የመሰለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ሪሐናን ለኑሪ የጠየቁት ሽማግሌዎች እሺታ ካገኙ ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው። ኑሪ ከኛ ወረድ ብሎ ጫማ ያከፋፍላል፤ ጨዋ ልጅ ነው። ኒካሁ የሚታሰረው ከረመዳን በፊት ነው።

«ኑሪ ያውቃል?» አልኳት።

«ከኒካህ በኋላ እነግረዋለሁ።»

«ያኔ መንገር አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«አጥምዶ መያዝ።»

ሪሐና ሸሚዙን ጨመቀችና ገመዱ ላይ ጣለችው። ለምጽ ነውር አይደለም፤ ነውር የሚያደርገው የሚደብቀው ሰው ነው። ይህን ነግሬአታለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ተጠናቀቀ። ሁለት እጆች ጨርቅ ሲቆርጡ። መቀሱ እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር የተጠመጠመበት ነው፤ ቀለበቱ ፈርጡ የወደቀ ነው፤ የቀኝ ትንሿ ጣት የሱቁ የብረት በር ከጨፈለቃት ጀምሮ ወደ ውጭ ያጋደለች ናት። ሁሉንም እንዳሉ አኖርኳቸው።

ሥዕል የምልከው ከዮርዲ ዘንድ ነው። አብረን የተማርን ነን፤ አሁን መሳለሚያ አጠገብ ባነር የሚያትም ማተሚያ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ኢንተርኔታቸው ፈጣን ነው። ሥዕሉን ስከፍተው ጎንበስ ብላ አየችና፦

«ይሄማ ሪሐና ናት» አለች።

«እጅ ነው።»

«የምን እጅ! ሪሐና ናት። ቀለበቷን እንኳ አላወለቅሽላትም እኮ።»

ከዚያ ሥዕሉን በሁለት መጠን ጎን ለጎን አስቀመጠችልኝ። ድረ ገጹ በሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን፣ ማለትም በአራት ሚሊዮን ነጥብ፣ ነጩ ከብርሃኑ ጋር ተደባልቆ ከመስኮት የገባ ፀሐይ ይመስላል። በሙሉው መጠን ግን ደሴቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ።

«ትንሹን ላኪ» አለች ዮርዲ። «ያልፋል። ለስልክም ለመጽሐፍም ይበቃል። ለግድግዳ የሚሆነውን ለመላክ ምን አስቸኮለሽ?»

«ትልቁ እያለኝ ትንሹን መላክ ገዢውን መስረቅ ነው።»

«ገዢውን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ሪሐናንስ?»

ቀልዷን ትወዳለች። ትልቁን መረጥኩ። ነገር ግን ፋይሉ ግማሽ ላይ ደርሶ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ ነገ እመለሳለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ሦስተኛው ተሳካ። ተልኳል። በሙሉ ጥራት።

የግራ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ያለው ብርሃን ተሳስቷል። ከላክሁ በኋላ ነው ያየሁት። ምን ዓይነት ዝርክርክነት ነው!

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ተቀበሉት። ያለ አንዲት አስተያየት ተቀበሉት። ለእማ በስልኬ አሳየኋት፤ በስልክ ላይ ጥፍር ብቻ ነው የሚያክለው፤ «ደስ ይላል፣ መቀሷ የኛን ትመስላለች» አለች። ሪሐናም አየችው። ስልኩን ለመያዝ እጇን ሳትዘረጋ፦

«ትልቅ ይሆናል እንዴ ይሄ?» ብላ ጠየቀች።

«የፈለጉትን ያህል» አልኳት። በጥራቱ ኮርቼ ነበር።

ማምሻውን ሂናዋን ከቀድሞው አጥቁራ ተቀባች። ምክንያቱን አልጠየቅኋትም።

ሐሙስ፣ ጥር 1

በችኮላ። ዮርዲ ደወለች። ዘመድኩን የሚባለው፣ ከኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቅባትና ሻምፑ የሚያስመጣው ሰው፣ ሥዕሌን ከድረ ገጹ ገዝቶ ለባነር አምጥቶላታል። ስድስት ሜትር ቁመት። «ለለምጽና ለማድያት» የሚል ጽሑፍ አለበት።

«ትንሽ ቢሆን ኖሮ በስድስት ሜትር ይበታተን ነበር፣ ሌላ ይመርጥ ነበር» አለችኝ። «አሁንም አልዘገየም። ፋይሉ ተበላሽቷል ልበለው? አንድ ቃል በይኝና ልበለው።»

«አልተበላሸም።»

«ሀፍሷ!»

«ያልተበላሸውን ተበላሽቷል ብለሽ በኔ ስም አትዋሺ። በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ነው።»

ዮርዲም፦ «ያንቺ እውነት ግን ሁልጊዜ የሚጻፈው በሰው ቆዳ ላይ ነው» ብላ ዘጋችው። ከዚህ ሽያጭ የሚደርሰኝ አንድ ማኪያቶ አይገዛም፤ ስለዚህ ለጥቅም አድርጋዋለች የሚል ካለ ተሳስቷል።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ሰቀሉት። በሕንፃው መግቢያ በላይ፣ ከሁለተኛው ፎቅ እስከ አራተኛው። የሪሐና እጅ ከሚኒባስ ይበልጣል። ከላዩ «ይህ የደረሰባችሁ ዛሬውኑ ኑ» ተብሏል።

እውነቱን ለመናገር ቀና ብዬ መጀመሪያ ያየሁት የግራ አውራ ጣትን ጥፍር ነው። ብርሃኑ በተሳሳተ በኩል መውደቁ ከመንገድ ማዶ ይታያል። ሙሉ ቀን አሳፈረኝ።

ፊት ለፊታችን ገበርና ዚፕ የሚሸጡት እትዬ እታለም መነጽራቸውን ወልውለው ወጡ፣ ቀና አሉ፣ ተመለሱ፣ ከዚያ በሱቃችን በር ላይ ቆመው፦

«ሪሐና፣ እጅሽን አከራየሽው እንዴ?»

ሪሐና አንዲት እናት ለልጇ የመረጠችውን ሳቲን እየለካች ነበር። ሜትሩን አልለቀቀችም።

«የኔ አይደለም፣ እትዬ።»

«ትንሿ ጣትሽ ግን እዚያም ጠማማ ናት። ቀለበቱስ? ፈርጡ እዚያም ወድቋል። እኔ'ኮ ሂናውን ለውበት ይመስለኝ ነበር! ለካ ልጅቷ ግድግዳ እየለሰነች ኖሯል!»

አጠገባችን ዕቃ የሚያወርዱ ተሸካሚዎች ሳቁ። አንዱ «ሂናዋ፣ ቀለም ሲያልቅብሽ ንገሪን፣ ባልዲ እናመጣለን!» አለ። ሪሐና ሳቲኑን ቆርጣ ለሴትየዋ ሰጠች። ቁርጡ አንድ ጣት ያህል ተዛብቶ ነበር። በሥራዋ እንዲህ ስትሳሳት አይቼ አላውቅም።

ማታ እማ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ «ዓይንሽ አይብራ።» ነገ አላልኩም ትላለች። ብላለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

የኑሪ እናት እትዬ ሱሀይር ከሁለት እህቶቻቸው ጋር አማኑኤል ሰፈር ያለው ቤታችን ድረስ መጡ። ቴምርና ሻይ ቀረበ፤ አልነኩትም። ሪሐናን አጠገባቸው አስቀመጧትና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ለማቀፍ መስሎኝ ነበር። ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። በአውራ ጣታቸው ጨርቅ እንደሚፈትን ሰው ፈተጉት።

«ሰው ብዙ ያወራል፣ ልጄ» አሉ። «እኛ ወሬ አንሰማም። ዓይናችንን ነው የምናምነው። ሂናው ይልቀቅና እንመጣለን።»

እማ «እንዴ፣ እትዬ ሱሀይር፣ የሰው ልጅ እጅ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«እርስዎ ወልደው ነው ያሳደጓት፣ አይደብቁንም። እኛም ሸማ ስንገዛ ዘርግተን ነው የምናየው። እሑድ፣ የካቲት 9 እንመጣለን። እስከዚያ አትቀቢ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?»

ሪሐና «እሺ» አለች።

ኑሪ ደጅ ላይ መኪናው ውስጥ ነበር። አልወረደም።

ከሄዱ በኋላ ለሪሐና ተናገርኩ፦ ከመጀመሪያው ብትነግሪው ኖሮ ዛሬ ይህ ባልደረሰ ነበር፤ ሥዕሉ የገለጠው ያለውን ነው እንጂ የሌለውን አልጨመረም። የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። እሷ ግን የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች፤ ሦስቱም እንደ ሞሉ ነበሩ።

ሰኞ፣ ጥር 19

ሂናው ከጣቶቿ ጫፍ መልቀቅ ጀምሯል። በየቀኑ ጨርቅ ስትዘረጋ ሰው ጨርቁን ትቶ እጇን ያያል። እትዬ እታለም ጠዋት ጠዋት ደንበኞቻቸውን እየሸኙ በሩ ላይ ይቆሙና «ዛሬስ እስከ የት ደረሰ?» ይላሉ። አንዳንዱ ለማየት ብቻ ይመጣና «ስንት ነው?» ብሎ ይሄዳል።

ዛሬ አንዲት ሴት ሪሐና የዘረጋችላትን ሐር ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ለኔ «አንቺ ለኪልኝ፣ እህት» አለችኝ። ይህን አላዋቂነት በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ለምጽ በንክኪ እንደማይተላለፍ፣ በጨርቅም እንደማይተላለፍ፣ የቆዳ ቀለም ሰጪ ሕዋሳት መቀነስ እንደሆነ፣ እህቴን ከያዛት ዓመታት እንዳለፉና እኔ አንድ ቀን እንኳ እንዳልያዘኝ በሚገባ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አስረዳኋት። ሱቁ ውስጥና በሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ሰሙ።

ሪሐና እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለጠየቃት ሁሉ «የኔ አይደለም» ስትል ነበር የቆየችው።

ሴትየዋ ሳትገዛ ወጣች። ሪሐና መቀሱን አስቀምጣ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች፤ ቀሪውን ቀን እኔ ለካሁ። ቀስ እላለሁ ግን አልሳሳትም።

እሑድ፣ ጥር 25

ድረ ገጹ በሚልከው ምክር ላይ አንድ ሥዕል ሲሸጥ ተመሳሳዩን በተከታታይ መሥራት እንደሚጠቅም ይላል። የሚለቅ ሂና ማንም ሥሎት አያውቅም፤ ፈልጌ አጣሁ። ከጥር 19 ወዲህ የጀመርኳቸው አሉ፦ ጣቶቹ ብቻ ነጻ የወጡበት፣ መዳፉ ብርቱካንማ የቀረበት፣ የመጀመሪያው ነጭ ደሴት ከቀለሙ ሥር ብቅ ያለበት። ሁሉም በሙሉው መጠን። በትንሹ ብሠራቸው ብርቱካንማውና ነጩ ይዋሐዳሉ፤ ከንቱ ይሆናሉ።

ከሰዓት በኋላ ሪሐና ሰሃን ስታጥብ በር ላይ ተቀምጬ ስስል አየችኝ። እጆቿን ከውሃው አውጥታ ብብቷ ውስጥ ከተተቻቸው። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ረጠበ።

«ሌላ ሰው የለሽም እንዴ የምትስዪው?»

«እንዲህ ያለ እጅ የለም፣ ሪሐና። የሚያምር ነገር ነው። አንቺ ብቻ ነሽ የማታዪው።»

ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቀች፦ «ከዚያ ድረ ገጽ ሥዕል የሚወርደው እንዴት ነው?»

እኔ ራሴ ላወርደው እንደምችል፣ ነገር ግን እንደማላደርገው ነገርኳት፤ ባወርደው ለምጽ የሚያሳፍር ነገር ነው ብዬ እንደመሰከርኩ ይቆጠራል። ማውረዱም የተሰቀለውን ባነር አያነሣውም፤ ዘመድኩን አንዴ ገዝቶታል።

«ሌላ ሰው እንዲወርድ ቢፈልግስ?»

ለጠየቀ ሰው ሙሉ መልስ መስጠት ግዴታዬ ነው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ አቤቱታ የሚላክበት ቦታ እንዳለ፣ በየትኛውም ቋንቋ እንደሚቀበሉ፣ በሥዕሉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ የሚል ሰው ካለ እንደሚያጣሩ አስረዳኋት። ቦታውን በስልኳ ላይ አሳየኋት። በትኩረት ሰማችኝ። ሥራዬን የሚመለከት ነገር ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ከድረ ገጹ ደብዳቤ መጣ። አንድ ሰው አቤቱታ አቅርቧል፤ የተሳሉት እጆች የእውነተኛ ሰው ናቸው፣ ሰውዬው አልፈቀደም ይላል። የባለ እጁን የፈቃድ ፊርማ እስከ ዓርብ፣ የካቲት 7 ካላቀረብኩ ሥዕሉን ያነሡታል፤ እኔንም ከነሥዕሎቼ ያስወጡኛል።

ማን ነው ይህን የሚያደርገው? ዮርዲን ደውዬ ጠየቅኋት። «እኔ አይደለሁም» አለች፤ «ግን እጁን እስመው ነበር።» ዘመድኩን አይሆንም። እትዬ እታለም ስልክ መንካት አያውቁም። ምቀኛ ብዙ ነው። ለሪሐና ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና ሳትል «አላህ ያውቃል» አለች።

አንድ ሌሊት ሙሉ ራሴን ወቀስኩ። ፈቃዱን ከመጀመሪያው አስፈርሜ መላክ ነበረብኝ። ደንቡ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ የነጥብ ብዛቱን ደጋግሜ ሳነብ ያንን አንቀጽ ዘልዬዋለሁ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሠራሁት ስሕተት ቢኖር ይህ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ከሱቅ ስንመለስ ሪሐና ወደ ቤት አልገባችም። ከጎረቤት ሂና ይዛ መጣች፣ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀመጠች፣ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ ድረስ ቀባችው። አበባ የለው፣ ቅጠል የለው፤ ጭቃ እንደሚለስን ሰው አንድ ወጥ አድርጋ።

እማ «አበድሽ?» ብላ ጮኸች። «አምስት ቀን ቀርቶ! ሰዎቹ እሑድ አይደል የሚመጡት?»

«ማንም አይመጣም። ለኑሪ ደውዬ ነግሬዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ለምጽ አለብኝ አልኩት። እሱም ‹እናቴ መጀመሪያ ትየው› አለኝ። አንተ አትመጣም ወይ ስለው ‹እኔማ መኪና ውስጥ እሆናለሁ› አለኝ።» አንድ ጊዜ ብቻ ሳቀች፤ ሳቁ አጭር ነበር። «እጄ መኪናውን እንዳያቆሽሽበት ብዬ ተውኩት።»

እማ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሪሐና እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ እስኪደርቁ ጠበቀች። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ሲያርፍባት እኔ ቀርቤ አባረርኩላት፤ እሷ ግን ፊቷን አዞረች።

ተከታታዮቹ ሥዕሎች ሳይጠናቀቁ ቀሩ። የቀረኝ የመጨረሻው፣ እጁ ሙሉ በሙሉ የተገለጠበት ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሪሐና ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም። ስለዚህ የምፈልገውን በጽሑፍ አስቀምጬላታለሁ። እዚህም እገለብጠዋለሁ፣ በኋላ ቃሉ እንዳይለወጥ፦

«እህቴ ሪሐና፣

ባለፈው ሰሞን የሆነብሽ ነገር አሳዝኖኛል። ነገር ግን ከኑሪ ጋር የነበረው አሁን ስላበቃ ሥዕሉ ከዚህ በኋላ ሊጎዳሽ የሚችልበት መንገድ የለም፤ በረጋ መንፈስ ብታስቢው ይህን አንቺም ታገኚዋለሽ። እኔ ግን ፈቃድሽ ካልደረሰ የሠራሁትን ሁሉ አጣለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ሥር ያለው ወረቀት ለእጆቹ ሥዕልና ከጥር 19 ጀምሮ ለሳልኳቸው ሁሉ ፈቃድ መስጫ ነው። ሙሉ ስምሽን ጻፊና ፈርሚ፤ እማ በምስክርነት ትፈርም። ሂናው ወረቀቱን እንዳያቀልመው በጣትሽ አትንኪው፣ በጨርቅ ያዢው። ፊርማሽም ጎላ ያለ ይሁን፤ የሚላከው በሙሉ ጥራት ነው፣ ደብዛዛ አይቀበሉም። ዓርብ፣ የካቲት 7፣ ሱቅ ከመክፈታችን በፊት ከመቀሱ ሥር አስቀምጪልኝ።

ሀፍሷ»